ሆላንድ አገር እጅ እልፊት የለም

ከደብረ ብርሃን በወጣሁበት ምሽት እቤታችን ውስጥ ያላለቀስነው እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ የደረሰ ይመስል ግድግዳ ተደግፎ ይነፋረቃል፤ እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ከዚፑ ጋር እታገላለሁ። አባቴ አያለቅሱም። ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ የጽሕፈት መኪናቸውን ከፊታቸው አድርገው፣ የሰውን ልቅሶ በሕግ አማርኛ ሲጽፉ ስለሚውሉ ለራሳቸው የሚተርፍ እንባ ያላቸው አይመስለኝም። ወደ ቦሌ የሚወስደኝ መኪና ሲመጣ ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆልፈውልኝ «በይ ሂጂ፣ ብርድ ነው» አሉኝ። በቃ። የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ካወራ ብዙ ነገር እየተናገረ መሆኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁትም፣ እንደኔ እዚህ ወጥታችሁ የመጣ ፖስታ ሁሉ ለመክፈት ለምትፈሩትም ነው። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ያሸነፍኩበት ታሪክ ነው። የተሸነፍንበትን ሁላችንም ስናወራ እንውላለን፤ ዛሬ ይቅርብን።

ስኪፖል አየር ማረፊያ የተቀበለችኝ እናቴ ናት። ልጅ ሳለሁ ነበር የተሰደደችው። ፊቷን ከፎቶ፣ ድምጿን ከስልክ ነው የማውቀው፤ ስትጠራኝ ሰምቼ ነው ሴትዮዋ እሷ መሆኗን ያረጋገጥኩት። ካፔለ አን ደን አይሰል ወሰደችኝ። ካፔለ ከሮተርዳም በሜትሮ የሚደረስባት ጸጥ ያለች ሰፈር ናት፤ ዳክዬዎቹ ከኛ አገር በግ የወፈሩ፣ ሰዉ መጋረጃ ሳይጋርድ እየበላ የሚታይባት። መጀመሪያ ሰሞን በየመስኮቱ እያየሁ ሰላም እል ነበር፤ እናቴ እጄን እየጎተተች «አታፍሪም?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ መጋረጃ ያልጋረደው እሱ፣ የማፍረው እኔ! ምሳ ብለው የሚበሉት በቀዝቃዛ ዳቦ ላይ የተኛ ቀዝቃዛ አይብ ነው። ጎረቤት ለመጠየቅ ቀጠሮ ይያዛል። ነፋሱስ? የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊት ለፊት መጥቶ በጥፊ ይመታችኋል፣ ታውቁታላችሁ። የዚህኛው ከጎን ሾልኮ ይመጣና ከብስክሌት ላይ ገፍቶ ይጥላችኋል።

ከእናቴ ጋር መኖሩ ለጥቂት ጊዜ ሆነ። ከዚያ ግን ሁለት እልኸኛ ሴቶች በአንድ ሳሎን አልቻልንም። የአረጋውያን እንክብካቤ ትምህርቴን እየተማርኩ ሮተርዳም ዙይድ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ለልምምድ የተመደብኩት ሄግ እያልን በምንጠራት በዴን ሃኽ በሚገኝ የአረጋውያን ቤት ነበር። እዚያ አንዲት የቀድሞ መምህርት አሉ፤ ሠራተኛ ሁሉ ይፈራቸዋል። ገላቸውን ለመታጠብ እሺ የሚሉት ለኔ ብቻ ሆነ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሌሎቹ ዛሬ አምሮብዎታል ይሉኛል። አንቺ ግን ይሸታሉ አልሽኝ» አሉኝ። ይሄ አፌ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያስመታኝ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ ሊያበላኝ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ቤቱም ትምህርትሽን ስትጨርሺ እንቀጥርሻለን አለ፤ ቬኦኼ ካመጣሽ። ቬኦኼ ማለት መንግሥት «ይህች ሴት ከሰው ጋር ለመሥራት የሚከለክላት ወንጀል የለባትም» ብሎ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ያለሱ የሽማግሌ ገላ ማጠብ ቀርቶ ዊልቸር አያስገፉም። እኔ ምን ወንጀል አለብኝ? ሳቅሁ።

አከራዬ ሰው ቤት ሲገባ በር የማያንኳኳ ሰው ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ እኔ «ባለቁልፉ» ነው የምለው። ለሁሉም ክፍል ትርፍ ቁልፍ በወገቡ አንጠልጥሎ ይዞራል። ገብቶ ቆጣሪ ያያል፣ ገብቶ ማሞቂያ ይቀንሳል፣ ገብቶ የወጥ ሽታ ነው ብሎ መስኮት ይከፍታል። ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን ከሻወር ወጥቼ በፎጣ እንደተጠቀለልኩ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ገባ። መሀል ክፍሌ ቆሞ ስለ ማሞቂያው ማስረዳት ጀመረ።

«ይውጡልኝ» አልኩት።

«ቤቱ የኔ ነው» አለ።

«ቤቱ የእርስዎ ነው። ፎጣው ግን የኔ ነው። ይውጡ!»

አልወጣም። እንዲያውም አንድ እርምጃ ወደኔ ቀረበ። በአንድ እጄ ፎጣዬን ይዤ በሌላው ደረቱን ገፍቼ ከደጃፉ አስወጣሁትና በሩን በትከሻዬ ዘጋሁት። ጩኸት ሰማሁ። ለካስ እጁ በበሩ ጠርዝ ላይ ነበር፤ ጣቱን በሩ ያዘው። ቆይቶ እንደሰማሁት አጥንቱ ተሰንጥቋል። ፖሊስ ዘንድ እሄዳለሁ እያለ እየጮኸ ወረደ።

ያን ቀን ለአባቴ ደወልኩ። ከሕግ ጋር የሚኖር አባት እያለኝ ለማን ልደውል? የኛን ቤት እራት የበላ ሰው የወንጀል ደረጃ ከማባዛት ሠንጠረዥ በፊት ነው የሚማረው። ጥፊና ግፊያ ምልክት ካልተወ እጅ እልፊት ነው፤ ደንብ መተላለፍ ይባላል እንጂ ወንጀል ብሎ ስም የሚያወጣለት የለም። ካቆሰለ ቀላል የአካል ጉዳት፣ ዓይን ካጠፋ ከባድ። እጅ እልፊት ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ሲያጋጥማቸው አባቴ መጻፉን ትተው «ሂድና ታረቅ፣ ለዚህ ወረቀት አታበላሽ» ብለው ይመልሱታል። እኔንም ጣቱ ተቆርጧል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልተቆረጠም አልኩ። «እንግዲያው እጅ እልፊት ናት። አንቺ ታናሽ ነሽ፣ ቅደሚና ይቅርታ በይ። ሽማግሌ ላኪበት። እሱም በቁልፉ መግባቱን ያምናል፣ ያልቃል።»

ሽማግሌ የተባለው ጋሽ ተስፋይ ነው። ኤርትራዊ ነው፤ አማርኛውን አዲስ አበባ በወጣትነቱ የተማረ፣ ሮተርዳም ወደብ ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ አሁን ዴን ሃኽ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር የሚኖር። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ዕድርተኛ ቢኳረፍ የሚጠራው እሱ ነው። ነገሩን ስነግረው ዓይኑ በራ። ሆላንዳዊ አስታርቆ አያውቅም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሌላ ሽማግሌ ጨምሮ፣ ሁለቱም ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ድፎ ዳቦ አስይዘውኝ ወደ ባለቁልፉ ቤት ሄድን። ደጃፉ ስንደርስ ዳቦውን ጋሽ ተስፋይ ተቀበለኝና እኔን ከኋላ አቆመኝ። በሩ ላይ ያቺ ካሜራ ያላት ደወል አለች። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ለደወሏ እጅ ነሡ። ባለቁልፉ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያየን ፊቱ አመድ መሰለ። ጋሽ ተስፋይ በወደብ ደችኛው ይቅርታ ሚንኸር፣ ይቅርታ ጌታዬ እያለ ወደ ጉልበቱ ጎንበስ ሲል ሰውየው ወደ ኋላ ዘለለ። የሆነ ነገር እየጮኸ ተናገረ፤ በግርግሩ ምን እንዳለ አልሰማነውም። ዳቦውን ግን ተቀበለ፤ ለምን እንደተቀበለ እስካሁን አላውቅም። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ተስፋይ በመንገድ ላይ «ዳቦውን ከወሰደማ ታርቋል» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ቃል እንድሰጥ ጠራኝ። ፖሊሱ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ከማሽን ሻይ ቀዳልኝ፣ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘኝ፣ ጠበቃ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ጠበቃ ለምኔ? የመጣሁት ልታረቅ ነው! ከእኔ የሚጠበቀውን ለመወጣት ምላሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ገራሁትና «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ገፍቼዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ» አልኩ። ፖሊሱ ጻፈ። አሁን «እሱስ ምን አድርጎሽ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። እኛ አገር ሽማግሌ ከአንዱ ወገን ይህን ከሰማ በኋላ ወደ ሌላው ይዞራል እኮ። ፖሊሱ ወደ ማንም አልዞረም። የምትጨምሪው አለ ወይ ሲለኝ እንግዲህ ምክንያት መደርደር ነውር ነው ብዬ የለም አልኩ። ግልጽ በመሆኔ አመስግኖኝ እስከ በሩ ሸኘኝ። ኮርቼ ወጣሁ። እንደዚያን ቀን ሥርዓት አሳይቼ አላውቅም!

ከዓቃቤ ሕግ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ነገር ተጽፎብኛል። አንደኛው ሚስሃንደሊንግ፣ ማለትም ድብደባ። ሁለተኛው ዛቻ። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንዶች አሰልፌ ቤቱ ድረስ ሄጄ ቅሬታውን እንዲያነሣ አስፈራርቼዋለሁ። ጋሽ ተስፋይ ይህን ሳነብለት «ወንዶች የተባልነው እኛ ነን?» አለኝ። ከነድንጋጤው ትንሽ ደስ ያለው መሰለኝ።

ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ቀርቤ ጥፋቴን ከተቀበልኩና መናፈሻ ውስጥ የማኅበረሰብ ሥራ ከሠራሁ፣ ፍርድ ቤት ሳልቆም ነገሩ እዚያው እንደሚያልቅ ደብዳቤው ይላል። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ቅጠል ጠርገሽ ትገላገያለሽ አለችኝ። የምናውቀው ሰው ሁሉ ተቀበይ አለ። እዚህ አገር ያለን ሰዎች ከፍርድ ቤት በር የሚያርቀንን ነገር ሁሉ ምሕረት ነው ብለን እንቀበላለን፤ እኔም ልፈርም እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። ጋሽ ተስፋይ ነው ቆይ ያለኝ። የዛቻው ነገር ከንክኖታል፤ የሟች ጓደኛው ልጅ ጠበቃ ናት፣ እሷ ትየው አለ።

ጠበቃዋን፣ ሊያን፣ ያገኘናት ስኪልደርስዋይክ ውስጥ ትራሙ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ አንድ የሱሪናሞች ምግብ ቤት ነው። እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም። ደብዳቤውን አንብባ እንደጨረሰች ወደ ጋሽ ተስፋይ ዞረች።

«አንተ፣ ለምን ሄድክ?»

ጋሽ ተስፋይን ሻዩ ትን አለው። «ልጄ፣ እኔ እኮ አባትሽን የማውቅ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ። እሱንም አንተ ነበር የምለው። ለምን ሄድክ?»

ከዚያ ወደኔ መጣች። ከሳህኗ ላይ የተጠበሰ ድንች አንሥታ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አደረገች። በአማርኛና በደችኛ እያቀላቀለች አስረዳችኝ፤ እዚህ አገር ጥፋት ሁለት ቤት ነው ያለው። በግራ ኦፈርትሬዲንግ፣ ቀላል የደንብ ጥሰት፤ ቀይ መብራት ማለፍ፣ ያለ ትኬት ባቡር መሳፈር። በቀኝ ሚስድራይፍ፣ ወንጀል፤ ስርቆት፣ ዛቻ፣ ድብደባ።

«ግፊያ የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

«ካመመው፣ ሚስድራይፍ።»

«ደም እኮ አልወጣም።»

«ሚስድራይፍ።»

«ጥፊስ?»

«ሚስድራይፍ።»

«እጅ እልፊት የሚባል የላችሁም?»

«ምንድነው እሱ?»

አስረዳኋት። የሕግ ቃል እንደምታስረዱት ሳይሆን የሞተ ዘመድ እንደምታስተዋውቁ ነበር ያስረዳሁት። ሊያ አዘነችልኝ፤ እዚህ አገር ያ ክፍል ጨርሶ አልተሠራም አለችኝ። ከቀኙ ድንች ቀጥላ ደግሞ በቁመት ደረደረች። ድብደባ ራሱ ደረጃ አለው፦ ተራው፣ ከዚያ ተራ ሆኖ ከባድ ጉዳት ያስከተለው፣ ከዚያ ከባድ ጉዳት ላድርስ ተብሎ የተደረገው፣ ከሁሉም በላይ አስቀድሞ ታስቦበት የተደረገው። የተጻፈብኝ ከታች ያለው ነው፤ ግን ከታች ያለውም ቢሆን በመዝገብ ይገባል። ያቺ ቅጠል ጠረጋ የተባለችውን ስቀበል ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። ቬኦኼ ስጠይቅ ደግሞ የሚከፈተው ያ መዝገብ ነው፤ ጣት የሰበረች ሴት አቅመ ደካማ እንድትንከባከብ ይፈቅዳሉ ብዬ እምነት አልጥልም አለችኝ ሊያ።

መምህርቷ በዊልቸራቸው ተቀምጠው ሌላ ሰው «ዛሬ አምሮብዎታል» ሲላቸው ታየኝ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አለች ሊያ። «የትኛውም ደረጃ ቢሆን ሆን ብለሽ ማድረግ አለብሽ። ሆን ብለሽ ነው?»

«በሩን ሆን ብዬ ነው የዘጋሁት። ጣቱን አላየሁም። በቁልፉ ገብቶ አልወጣም ስላለኝ ነው የገፋሁት።»

«ይሄን ለፖሊሱ ነገርሽው?»

«አልነገርኩም።»

«ለምን?»

«ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ምክንያት አይደረድርም።»

ሊያ የቀረውን ድንች በአንድ ጊዜ ጎረሰችው። አኝካ እንደጨረሰች «እሺ። ዳኛ ፊት ደርድሪ» አለችኝ።

ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ሄጄ አልቀበልም አልኩ። እናቴ ከኔ ጋር ላለመነጋገር ወሰነች፤ ይህንንም ልትነግረኝ በየቀኑ ትደውላለች። ለአባቴ ግን እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ ነገሩ በመታየት ላይ ነው ብቻ አልኩ። ሊያ መዝገቡን አስመጥታ ስታነብ የበሩን ደወል ቪዲዮ ባለቁልፉ ራሱ ለፖሊስ እንደሰጠ አየች። ፖሊስ ቪዲዮውን በጽሑፍ ገልጾታል፦ ነጭ የለበሱ ሁለት ወንዶች፣ አንደኛው ክብ ዕቃ ይዟል፣ ወደ ቅሬታ አቅራቢው በፍጥነት ያጎነብሳል። ከኋላ ተጠርጣሪዋ ቆማ ትታያለች። ስለ ድምፁ ግን ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ሊያ ከነድምፁ ይታይልን ብላ ጠየቀች።

ሮተርዳም ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ናቸው የተሰየሙት፣ ጸጉራቸውን በአጭሩ የተቆረጡ ሴትዮ። ከጎኔ አስተርጓሚ፣ ከኋላዬ እናቴና ሽማግሌዎቹ። ዛሬስ ነጠላውን ተዉት ብዬ ብለምናቸውም ሁለቱም ነጠላ ለብሰው መጡ፤ ጋሽ ተስፋይ እንዲያውም አዲሱን ነው የለበሰው። ባለቁልፉ በሌላው ወገን ተቀምጧል፤ ጣቱ ድኗል። ለፖሊስ የሰጠው ቃል ሲነበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። በር አንኳኩቼ እሷው ከፈተችልኝ፣ ከዚያ ሳላስበው ገፈተረችኝ ይላል። አፌን ስከፍት ሊያ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ዳኛዋ የኔን ቃል አነበቡ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ገፍቼዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ጥፋተኛ ካልሆንሽ ይቅርታ የጠየቅሽው ለምንድን ነው?»

ሊያ ያስጠናችኝ መልስ ነበረ፤ ጠፋኝ። በራሴ አፍ ተናገርኩ።

«እኛ ዘንድ ሰው ሲጣላ ታናሹ ይቀድማል። ጥፋቱን ሁሉ ራሱ ላይ ይጭናል፣ ታላቁ ደግሞ አይ የኔም ነው ብሎ ከላዩ ያነሣለታል። እኔ የኔን ጫንኩ። የሚያነሣልኝን ሰው እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።»

አስተርጓሚው ሲጨርስ ዳኛዋ የሆነ ነገር ጻፉ። ቪዲዮው እንዲታይ አዘዙ።

ግድግዳው ላይ ጋሽ ተስፋይ ፊቱ በደወሏ መስታወት ተለጥጦ እንደ ዱባ ሆኖ ታየ። ኮፍያውን አወለቀ። እጅ ነሣ። «ይቅርታ ሚንኸር» የሚለው ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ የባለቁልፉ ድምፅ መጣ፣ በንጹሕ ደችኛ፣ አስተርጓሚ እንኳ የማያስፈልገው፦ «ምን አጠፋሁ ነው የምትሉኝ? የራሴ ቤት ነው! በራሴ ቁልፍ ነው የገባሁት፤ ተከራይ ሻወር ገባች ብዬ ደጅ ልጠብቅ?»

ቪዲዮው ቆመ። ባለቁልፉ ጫማውን ያይ ጀመር። ከኋላዬ ጋሽ ተስፋይ በሹክሹክታ «ይኸው አመነ» ሲል ሰማሁ፤ እውነቱን ነው፣ ሽምግልናው ሠርቶ ነበር፤ እኛ ነን ያልሰማነው።

ዳኛዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። ክብ ዕቃ የተባለው ምንድን ነው? ድፎ ዳቦ ነው አልኩ። ዓቃቤ ሕጓ ራሷ ዛቻው ይቅር አለች። ድብደባው ላይ ግን አልለቅም አለች፤ ሊያም ተነሥታ ስትናገር ያቺ ጋሽ ተስፋይን አንተ የምትለው ልጅ ጠፍታ ሌላ ሰው ቆመ። ፍርዱ እዚያው ተነገረ። በሁለቱም ክስ ፍራይስፕራክ። ነጻ። ዳኛዋ አስረዱኝ፦ የከሳሹ ቃልና የራሱ ድምፅ አይገናኙም፤ በር መዝጋት ጣት ለመስበር ማሰብ አይደለም፤ በቤቷ ውስጥ ያለች ተከራይ ደግሞ ውጣልኝ ስትል ቁልፍ ፈቃድ አይሆንም። ይህን የመጨረሻውን ሲናገሩ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ባለቁልፉን ነበር።

ብድግ አልኩ። ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት በሩጫ አንደኛ የወጣሁ ቀን እንኳን እንደዚያ አልቆምኩም። እናቴ ላለመነጋገር የማለችውን ረስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኮሪደሩ ላይ ባለቁልፉ ሲያልፍ ጋሽ ተስፋይ ይተወዋል? ጎንበስ ብሎ ሰላም አለውና፣ እንዲያው ዳቦው እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ቆመ። ጆሮው ቀላ። «ለከር» አለ፤ ጣፋጭ ነበር ማለቱ ነው። ሄደ። ከዚያች ቃል በላይ ይቅርታ ከዚያ ሰውዬ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ወሰድኳት።

ይግባኝ አልመጣም። ቬኦኼው መጣ። እናቴ ፎቶ አንሥታው ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው በሙሉ ላከችው፤ አምስተርዳም ያሉ የማላውቃቸው ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ ብለው ደወሉልኝ። አሁን የምኖረው ዴን ሃኽ ነው፣ የምሠራውም እዚያው። ለሥራ የገባሁ ቀን መምህርቷ ከነዊልቸራቸው ኮሪደር ላይ ጠበቁኝ፤ ወንጀለኛዋ መጣች ብለው ለሁሉም ሰው አወሩ። ይህን ያህል ሰው ናፍቆኝ ሳለ እኔን የናፈቀ ሰው ማግኘቴ ገርሞኛል።

እናንተ እንደኔ የወጣችሁ፣ ይህችን ብቻ ያዙልኝ። ይቅርታ መልካም ነው፤ እኔም አልተውኩትም። ግን ፖሊስ ሽማግሌ አይደለም። ወደ ሌላው ዞሮ አይጠይቅላችሁም፤ የሆነውን ሁሉ ራሳችሁ ተናገሩ። ጠበቃ ትፈልጊያለሽ ሲሏችሁም አዎ በሉ። የምትፈርሙት ነገር የቱ ቤት ውስጥ እንደሚያስገባችሁ ሳታውቁ አትፈርሙ።

ቬኦኼው በመጣ በማግስቱ ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነበሩ፤ የጽሕፈት መኪናውና የባለጉዳይ ጫጫታ ይሰማኛል። ስለ ዳኛዋ ስነግራቸው መኪናው ቆመ። ፍርዱ በደችኛ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አስደገሙኝ። ወደ አማርኛ አዙረው በራሳቸው ሕጋዊ አነጋገር ጮክ ብለው ለባለጉዳዮቻቸው አነበቡት፤ «ተከሳሿ በነጻ ተሰናብታለች!» እልልታ ሰማሁ፤ የማላውቃት ሴት ናት፣ የራሷን ጉዳይ ይዛ የመጣች።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሙዬ፣ ቅጠሉን ጠርገሽ ብትፈርሚ ኖሮ ሥራሽ ሄዶ ነበር?»

«ሄዶ ነበር።»

«እጅ እልፊት ናት ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አባዬ፣ ይተዉት።»

«የለም። የዚያን አገር ሕግ ሳላውቅ ነው የመከርኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነሥተዋል። አባቴ ይቅርታ ሲጠይቁ ቁጭ ብለው አይጠይቁም፤ ባለጉዳዩ ሁሉ እያያቸው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ማለታቸውን ሳላይ አወቅሁት። እዚያ ብሆን ሳይጨርሱ ትከሻቸውን ይዤ ቀና አደርጋቸው ነበር። ፌርማታ ላይ ስጠብቀው የነበረው ትራም አጠገቤ ቆሞ በሩን ከፈተ፤ አልገባሁም።

«ቀና ይበሉ አባዬ» አልኩ። «ቀና ይበሉ፣ ብርድ ነው።»

«አልሰማሽም» አሉኝ፤ «ድምፅሽ ይቆራረጣል።»

ደግሜ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ፌርማታው ላይ ያሉት ሆላንዶች ዞረው አዩኝ።